ታቦቱ ከማን ጋር ዘመተ?

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት ቃል ነው፤ «ብሔር» ከምትባለው። ብሔር በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ማለት መሆኑን ከቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። «እግዚአብሔር» ስንልም የዓለሙ ሁሉ ጌታ ማለታችን ነው። ይህችው ቃል በተማሪው ንቅናቄ ዘመን፣ ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ በተማሪው መድረክ በግልጽ ካነሣበት ጊዜ አካባቢ ጀምሮ፣ ሌላ ልብስ ለበሰች። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ተብላ የሥልጣን ባለቤት ሆና ቁጭ አለች። ይህን ስናወራ ከመካከላችን አንዱ፣ «ታዲያ እግዚአብሔር የየትኛው ብሔር ጌታ ነው?» አለና ሳቅን። የኔታ ግን አልሳቁም። «ይኼን ጻፉት። አንድ ዓመት ይበቃችኋል» አሉን።

እኛ ማለት በአንድ ግቢ ጉባኤ ውስጥ ያለን ዐሥራ አራት ተማሪዎች ነን። ምሕንድስና የሚማር አለ፣ ሕግ የሚያነብ አለ፣ ታሪክ፣ ፋርማሲ፣ አንዱማ ሦስት ጊዜ ዲፓርትመንት የቀየረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። ቀኑ የጾም ስለሆነ መስተንግዶው ቆሎ ነው። ጦርነቱ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። የመቀሌው ልጅ ከሰኔ ጀምሮ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። የወልዲያዋ እኅታችን ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ቤተሰቧ የት እንደ ገባ አታውቅም። የአንደኛ ዓመቱ ታናሻችን ታላቅ ወንድም ወታደር ነው፤ ግንባር ነው። የወሊሶው ልጅ ዲያቆን ነው፤ እሱም የራሱ ጥያቄ ነበረው፣ እንደርስበታለን። እንግዲህ ሃይማኖትና አገር በአንድ ቤት ሲኖሩ አባወራው ማነው ብለን መጠየቃችን የመጽሐፍ ትል ስለሆንን እንዳልነበረ አንባቢ ይረዳልናል።

የኔታ፣ «ከሚያኮራችሁ ጀምሩ» ስላሉን ከዐድዋ ጀመርን። የታሪክ ተማሪው ደስ እያለው አቀረበ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋር፣ አቡነ ማቴዎስ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ካህናቱ። ክርስቲያን ነኝ የሚል ወራሪ ክርስቲያን የሆነ አገር ላይ ዘመተ፤ ተሸነፈ። እዚህ ላይ ሁላችንም አንድ ነበርን። አንዳንዶቻችን ቆሎውን ትተን እናጨበጭብ ነበር።

ጭብጨባው ሳያልቅ የሕግ ተማሪዋ፣ «ስለ አስካሪዎቹም ንገረን እንጂ» አለችው። ከኢጣልያ ጎን ተሰልፈው ከተማረኩት ኤርትራውያን ወታደሮች ውስጥ ስምንት መቶ ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ኢጣልያኖቹ ምርኮኞች ግን ተጠብቀው ቆይተው፣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛም ስለነሱ ወደ ምኒልክ መልእክተኛ ልከው፣ በመጨረሻ ከጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል በኋላ ወደ አገራቸው ገብተዋል። «ከተቆረጡት ውስጥ ስንቱ ማዕተብ አንገቱ ላይ ነበረ? ጊዮርጊስ ለነሱ ጊዮርጊስ አይደለም?» አለች።

ያን ዕለት አዳራሹ ተበጠበጠ። አንዱ፣ ከሃዲ በየትኛውም አገር እንዲሁ ነው የሚቀጣው፣ የዘመኑን ሕግ በዛሬ ዐይን አትዩ አለ። ሌላው፣ እንግዳውን ምሮ ወንድሙን የሚቆርጥ ይኼ ምን ዐይነት ክርስትና ነው አለ። እኛ እስከ ዛሬ የምናስበው እንዲህ ነው። ቅጣቱ የወጣው ከአገር ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ከወንጌሉ ለመውጣቱ ማስረጃ ያቀረበልን ሰው የለም። ይህን ማለት ዐድዋን ማሳነስ አይደለም። ዐድዋ ጠበቃ አይፈልግም፤ በራሱ የቆመ ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ወደ ሁለተኛው ወረራ አለፍን። ጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው፣ ወረራው ገና ወር አልሞላውም። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በከተማዋ ትልቅ ካቴድራል ቆመው የኢጣልያን ሠራዊት አወደሱ። የኢትዮጵያን በር ለካቶሊክ እምነትና ለሮማ ሥልጣኔ እየከፈተ ነው የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። ይህን ስንሰማ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከኢዛና ዘመን ጀምሮ መስቀል የያዘ አገር! መስቀሉን ወዴት ነው የሚያመጡት?

የወሊሶው ልጅ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ቆሎውን ሲለቅም ቆየና፣ «የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የምኒልክ ጦር ወደኛ አገር ሲመጣም ታቦት ይዞ ነበር» አለ። አዳራሹ ጭጭ አለ። «ከተማ ተቆረቆረ፤ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም የሰሞን መሬት ተሰጠ። መሬቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም፣ ሰው ነበረበት። የቅድመ አያቴ አባት ገባር ነበረ። እኔ ዛሬ ዲያቆን ሆኜ የማገለግለው እሱ በገበረላት ቤተ ክርስቲያን ነው። የሚላኖው ካርዲናል ያለውን የኛ ሰዎች በዚያን ጊዜ አላሉም?»

«ልዩነት አለው» ያሉ ነበሩ። አዎ፣ አለው። ሹስተር የባረኩት የመርዝ ጋዝ ያዘነበ ጦር ነው። ነገር ግን የልጁ ጥያቄ ስለ ጋዝ አልነበረም። የኔታ ጥቂት አሰቡና፣ «አንተ ታዲያ ለምን ታገለግላለህ?» አሉት። «ታቦቱ የነፍጠኛው ስላልሆነ ነው፣ የኔታ። አያቴ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች። ለሷ ያመጣውን ሰው ረስታዋለች፤ ታቦቱን ግን አልረሳችም» አለ። ከዚያ ወዲህ በጉባኤያችን «ታቦቱ ከማን ጋር ዘመተ?» የሚለው እንደ ምሳሌ ሆነ፤ በካፌም በዶርምም ይነሣል፤ አንዳንዴ ለቀልድ፣ አንዳንዴም ለጠብ።

ስለ ጀርመንም አንድ ዓርብ ተነጋግረናል። «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባሉት ወገኖች ወንጌልን ከናዚ ትምህርት ጋር አጣብቀው፣ በ1933 እ.ኤ.አ. በበርሊን ባደረጉት ስብሰባ ብሉይ ኪዳን የአይሁድ ነውና ይቅር እስከማለት ደረሱ። በ1934 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ባርመን ላይ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ቃል ሌላ የምትታዘዘው ሁለተኛ ድምፅ የላትም ብለው መግለጫ አወጡ። ቦንሖፈር የተባለው ፓስተር በኋላ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በናዚዎች ተሰቅሎ ሞተ። ይህን ያቀረበው የምሕንድስና ተማሪ፣ «እኛ በዚህ በኩል ደኅና ነን፤ ብሉይን የሚጥል ኢትዮጵያዊ የለም፤ እንዲያውም ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮንን ከነእስራኤልነቱ አምጥቶልናል» ሲል፣ የሕግ ተማሪዋ «ችግሩ እዚያ ጋ ይሆናል እንዴ?» አለችው። አንዱ ሕዝብ ብሉይን በመጣል ራሱን ያመልካል፤ ሌላው ደግሞ በብሉይ ውስጥ የራሱን ስም ብቻ እየፈለገ ያነባል። መዝሙር 67ን ከቁጥር 31 ሌላ የሚያውቅ እጁን ያውጣ ብንባል ከዐሥራ አራታችን ስንቱ ያወጣ ነበር?

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን የሁለቱ ጳጳሳት ጉዳይ ነው። ሦስት ዓርብ ሙሉ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግብፅ ወርደው በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤልና ይስሐቅ። ከብዙ መቶ ዓመታት የግብፅ ጳጳስ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የአገር ልጆች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የሁለቱን ሁላችንም እናውቃለን። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን ሽፍታ ብለህ አውግዝ ሲባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። አቡነ ሚካኤልም በምዕራብ በኩል በነበረው ዘመቻ ተይዘው ተገደሉ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ሲነሣ ስንቱ ሰው አልቅሷል፤ ተመልሶ እስኪቆም ድረስም ሐሜቱ አላባራም ነበር።

አቡነ አብርሃምስ? እሳቸው በሕይወት ቆዩ። ኢጣልያኖች በ1930 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ነጻ ወጥታለች ብለው ዐወጁና እሳቸውን የበላይ አድርገው ሾሙ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም አወገዘቻቸው። ይህን ያቀረበችው የወልዲያዋ እኅታችን ነች። ስትጨርስ መጽሐፏን አጠፈችና፣ «አሁን እስቲ ልብ በሉ» አለች። «ለዘመናት ‹ከግብፅ ነጻ እንውጣ፣ የራሳችን ጳጳስ፣ የራሳችን መንበር› ስንል የነበረውን ነገር በአንድ አዋጅ የሰጠን ግራዚያኒ የገዛው መንግሥት ነው። አቡነ ጴጥሮስ የሞቱት ግን ከእስክንድርያ ጋር በታሰረች ቤተ ክርስቲያን ጳጳስነታቸው ነው። ታዲያ ብሔራዊቷ ቤተ ክርስቲያን የትኛዋ ነበረች?»

እውነት ለመናገር ከዚህ ጥያቄ በኋላ ለብዙ ደቂቃ የተናገረ አልነበረም። እኛ «ብሔራዊ» ሲባል አገር ወዳድ ማለት ይመስለን ነበር፤ ለካ ጠላትም ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ሊያቋቁምልህ ይችላል። እንዲያውም ይመቸዋል። መንበሩ የአገር ልጅ ይሁን፣ ቋንቋው ያንተ ይሁን፣ ባንዲራው ይውለብለብ፤ አንዲት ነገር ብቻ ለሱ ይተውለት፤ እንቢ የማለትን ሥልጣን።

በአቡነ አብርሃም ላይ ግን አልተስማማንም። የመቀሌው ልጅ ተከራከረላቸው። ሹመቱ የመጣው ከደብረ ሊባኖስ በኋላ መሆኑን አስታወሰን። ግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ ሲረሸኑ፣ የኢጣልያ ሰነድ ራሱ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት መነኮሳት ብሎ ከጻፈ በኋላ ዲያቆናቱን ጨምሯል፤ የኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሱታል። «ከዚያ በኋላ የቀሩትን ገዳማት ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ ምን ያድርግ? ሁሉም ይረሸን? እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የማደርገውን አላውቅም» አለ። የአንደኛ ዓመቱ ታናሻችን በጣም ተቆጣ። «ባንዳ ባንዳ ነው!» አለ። የመቀሌው ልጅ ቀና ብሎ አየውና ዝም አለ። ያቺ ቃል በዚያ ሰሞን በመንገድ፣ በታክሲ፣ በሬዲዮ ለማን ትባል እንደነበረ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ወደ ሸዋ እየቀረበ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። የመቀሌው ልጅ መታወቂያውን ይዞ ከግቢ መውጣት ይፈራ ስለነበር ሁለት ሁለት እየሆንን ወደ አዳራሹ እናመጣዋለን፣ እንመልሰዋለን። በዚያ ዓርብ ትምህርቱ አልቆ ለጸሎት ስንቆም ታናሻችን፣ «ዛሬ ለሠራዊታችን ድል እንዲሰጥልን ብለን እንጸልይ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድሙ ከደወለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የመቀሌው ልጅ ነጠላውን አስተካከለ፣ መጽሐፉን አነሣ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ አላንኳኳም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው፤ አናሳጥረውም። ግማሾቻችን ልጁን ለመከተል ወጣን፤ ግማሾቻችን ታናሻችንን ከበን ቆምን። ቅዳሴው ራሱ ለአገርና ለሕዝቧ ይጸልይ የለም ወይ ያለ ነበረ። ለአገር መጸለይና በወንድምህ ላይ መጸለይ ለየቅል ነው ያለም ነበረ። አንዱ ደግሞ፣ «ጳውሎስ እንኳ ስለ ዘመዶቹ እኔ ከክርስቶስ ልለይ እስከማለት ደርሷል፤ ዘርን መውደድ ኃጢአት አይደለም» አለ። የሕግ ተማሪዋ ፈጥና፣ «እሱ እኮ ራሱን ነው አሳልፌ ልስጥ ያለው፤ ሌላውን አይደለም!» አለችው። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከሰማናቸው ሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል፤ ያን ዕለት ግን ለማንም ጆሮ አልገባም።

በሚቀጥለው ዓርብ የወልዲያዋ እኅታችን ቀድማን መጥታ ጠበቀችን። በፈተና ወረቀት ጀርባ መስመር አስምራለች። «ድምፁን ያልሰማችሁትን ሰው ሁሉ የክርስትና ስም ስጡኝ። የክርስትና ስም ብቻ። አገር አትንገሩኝ፣ ማዕረግ አትንገሩኝ» አለች። ሃያ ሦስት ስም ሞላ። ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ሰንበት፣ ፍቅርተ ማርያም፣ አሁንም ወለተ ሥላሴ። ጮክ ብላ አነበበችው። የክርስትና ስም ግእዝ ነው፤ ከመቀሌ ይሁን ከወልዲያ ወይም ከወሊሶ ስሙ አይነግርህም። ወታደሩ ወንድምም እዚያው ውስጥ አለ። ሁለቱ ወለተ ሥላሴዎች የሁለቱ ልጆች እናቶች መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው። የትኛዋ ቀድማ እንደ ተነበበች እስከ ዛሬ አልጠየቅንም።

ይህ ሁሉን አስታረቀ ብለን ብንጽፍ ዋሾዎች እንሆናለን። ሁለት ሰዎች ትተውን ሄዱ። አንደኛው ለድል የማይጸልይ ጉባኤ አገር የለውም ብሎ ሄደ። ሁለተኛዋ ደግሞ ገዳይና ሟችን በአንድ ወረቀት የሚጽፍ ጉባኤ ፍርድ የለውም ብላ ሄደች። የሁለተኛዋ ክስ ያመናል። ስም መጥራት ፍርድን አይተካም፤ እኛም ይተካል አላልንም። ግን ፍርዱን ለመናገር መጀመሪያ በአንድ አዳራሽ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በአንድ አዳራሽ የሚያስቀምጠን ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

በዶርም አብሮን የሚኖር አንድ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ይህን ሲሰማ ሁለት ዓርብ መጥቶ ተቀመጠ። ያመጣልን ነገር የ1971 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው ያወረደው በ1968 ነበር፤ በ1971 ገደላቸው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ክረምት ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። «‹ኢትዮጵያ ትቅደም› የሚለው መንግሥት የኔንም አባት ያንተንም አባት አስቀድሞ ነበር» አለ ልጁ፤ ሳቅን፣ ግን ሳቁ ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

ሰላሙ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈረም ከዐሥራ አራታችን ግማሹ ተመርቆ ሄዶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ የመቀሌ ስልክ ሲለቀቅ የመቀሌው ልጅ ለስድስታችን ደወለ። መጀመሪያ ያወራው ከናቱ ጋር ነበር፤ ቀጥሎ ከወልዲያዋ ጋር።

ይኸው እፎይ አልን ስንል በጥር 14 ቀን ሌላ መጣ። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በወሊሶው ልጅ አገር፣ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ሃያ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነው። ሲኖዶሱ አወገዘ፤ በነነዌ ጾም ሕዝቡ ጥቁር ለበሰ፤ በየካቲት ዕርቅ ወረደ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት የወሊሶውን ልጅ የማይጠይቀው አልነበረም። አንተ ከማን ነህ? ታቦቱስ ከማን ጋር ዘመተ?

«በልጅነቴ በኦሮምኛ ቢቀደስ ብዬ የተመኘሁትን ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። ዛሬም እመኛለሁ፤ ይኼ ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው፣ አልተከፈለም። ሲኖዶስን ረግጦ የተሾመ ጳጳስ ግን አልቀበልም። ሁለቱንም እላለሁ» አለን። አንዱ ወገን የነፍጠኛ ተላላኪ ሲለው ሌላው የተገንጣይ ደጋፊ አለው። ጥቁሩንም ለበሰ፤ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሱንም ከእጁ አላስቀመጠም።

ከዕርቁ በኋላ በነበረው ዓርብ የቀረነው ሰባት ተሰብስበን ሳለ የኔታ ወንጌሉን እሱ እንዲያነብ አዘዙት። የዮሐንስን ምዕራፍ 4 አወጣ፤ ሳምራዊቷ ሴት ከጉድጓዱ አጠገብ በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም ብላ የምትጠይቅበትን። በኦሮምኛ አነበበው። ከሰባታችን ቋንቋውን የሚሰሙት ሁለት ናቸው። ሌሎቻችን ኢየሱስንና ኢየሩሳሌምን እየለየን፣ ወንጌል ሲነበብ እንደሚደረገው ነጠላችንን አጣፍተን እስኪጨርስ ቆምን። የኔታ ኦሮምኛ አይሰሙም። ሲያበቃ፣ «የሚቀጥለውን ዓርብም አንተው አንብብ» አሉት።